ያላረምኩት አንድ ቃል

ስሙ መጽደቁን የሰማሁት የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ነዘረ። መልእክቱ ከአዲስ አበባ፣ የተማሪዎችን የሥነ ፈለክ ፕሮግራም ከምታስተባብረው ሴት ነበር። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ተማሪዎችሽ ያቀረቡት ስም ጸድቋል። ከዛሬ ጀምሮ ያ ጉድጓድ በጨረቃ ካርታ ላይ በዚያ ስም ይጠራል።»

አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር አንገቱን አስግጎ አንብቦ ኖሮ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«ሰማችሁ? ጨረቃ ላይ ቦታ ተመራን!»

«ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ካርታው እስኪወጣ ጡረታ እንወጣለን» አለች የእንግሊዝኛዋ መምህርት፤ የመምህራን ማረፊያው በሳቅ ተሞላ።

እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ወረቀቱን ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ትክክል የነበረ መልስ በቀይ እስክርቢቶ ሰርዤዋለሁ።

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስሙን በላክንበት ቅጽ የመጨረሻ መስመር ላይ በእጄ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ይህ ስም በአካባቢው በብዛት የሚገኝ የሴት ስም ነው፤ የተወሰነን ሰው አያስታውስም።» ስሙ ግን የተወሰነን ሰው ያስታውስ ነበር። ይህን ካወቅሁ ሰባት ወር አልፎኛል፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የመልእክቱ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ከፍ ዝቅ ሳደርግ ታየኝ። «ስሙን ያቀረበችው ልጅ እንዴት እንደመረጠችው በራሷ አንደበት የምትናገርበት አጭር ቪዲዮ እስከ ዓርብ ድረስ ላኪልን።» ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በእኔ እጅ አንዴ ተጽፏል፤ ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ያ ይበቃል። መስጊድ የሚሄዱትም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙትም ሴቶች የሚጠሩበት ስም መሆኑን ብቻ ልናገር።

ትምህርት ቤታችን ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው፤ የምደባ ደብዳቤ ይዤ እዚህ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ እዚሁ ከጥንት የኖሩት የበርታ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ልጆች፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ጋር ይማራሉ። የሰፋሪዎቹ ልጆች አማርኛ የወሎ ለዛ አለው። ለበርታዎቹ ልጆች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የሴቱንና የወንዱን ግሥ ይቀላቅሉታል። እኔ ደግሞ ሳላርም የማላልፍ ሰው ነኝ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ቢሆንም የአማርኛው መምህር «ሥራዬን እየቀማሽኝ ነው» ይለኝ ነበር።

የፕሮግራሙ እንግዶች የመጡት አምና ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። አስተባባሪዋና ሁለት ወጣቶች ቴሌስኮፑን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሚኒባስ ወረዱ። «ጨረቃን ለማየት እስኪመሽ እንጠብቅ?» ብዬ ስጠይቃቸው አንደኛው በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ግማሽ ጨረቃ ከማንጎው ዛፍ በላይ እንደ ነጭ ደመና ተሰቅላለች።

«ቲቸር! በቀን ጨረቃ ወጣ!» አለች አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ።

«ወጣች በይ» አልኳት።

«ወጣች» አለች እየሳቀች። «በኛ ቋንቋ ግን ወንድም ሴትም እኩል ነው፣ ቲቸር።»

«እዛ ቤት እኩልነት አለ!» ብሎ አንዱ የሰፋሪ ልጅ ሲጮህ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

የምተርክላችሁ ስለዚህች ልጅ ነው። ሁለተኛው ዴስክ ላይ በመስኮቱ በኩል ትቀመጥ ነበር። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ስሕተት ሠራሁ አልሠራሁ ብላ አትፈራም። ሳርማት አታኮርፍም፤ ያረምኳትን ቃል ደብተሯ መጨረሻ ላይ ትጽፈዋለች።

በቴሌስኮፑ ያየነው ነገር ሁላችንንም ያስደነገጠ ይመስለኛል። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጨረቃ በጉድጓድ ተበሳስታለች። ወጣቶቹ አስረዱን። ከሰማይ የመጣ ድንጋይ በኃይል ሲመታት አፈሩ ወደ ውጭ ይረጫል፤ ዙሪያው ከንፈር ሠርቶ ከፍ ይላል፤ መካከሉ ይሰረጉዳል። የትልልቆቹ ወለል መካከል ላይ ኮረብታ ይበቅላል፤ ትንንሾቹ እንደ ሳህን ጎድጓዳ ሆነው ይቀራሉ። ነፋስና ዝናብ ስለሌለ የሚሞላቸው የለም።

ስም አወጣጡንም አስተባባሪዋ ነገረችን። ትልልቆቹ በሞቱ ሊቃውንት ስም ይጠራሉ። ለትንንሾቹ ግን የትም አገር የሚገኝ ተራ የሰው ስም፣ ያውም የመጀመሪያ ስም ብቻ ይሰጣል። ስሙ ማንንም አያከብርም፣ ማንንም አያስታውስም፤ መጠሪያ ብቻ ነው። ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ስም ያልወጣለት የአንድ ትንሽ ጉድጓድ ፎቶ ተሰጥቷል። መጀመሪያ መልኩን አጥንተን መግለጽ አለብን፤ ከዚያ አንድ ስም እናቀርባለን።

«ደንቡ ጥብቅ ነው» አለች። «የራሳችሁን፣ የአባታችሁን ወይም የርእሰ መምህራችሁን ስም ብትልኩ ይሰረዛል።»

ምክትል ርእሰ መምህሩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ትንሽ የከፋው ግን መሰለኝ።

በሳምንቱ ፎቶውን ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ገና እጄን ሳላነሳ ከኋላ «ቲቸር፣ ይኼማ ኩይሳ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ግማሹ ክፍል «አዎ ኩይሳ ነው» አለ፤ ግማሹ «ጉድጓድ ነው» አለ። እኔም ራሴ ትኩር ብዬ ባየሁት ቁጥር ወደ ላይ ያበጠ ምስጥ የሠራው ክምር እየመሰለኝ ተደናገርኩ። ያን ጊዜ ልጅቷ ተነሥታ ወጣችና ፎቶውን ነቅላ ከላይ ወደ ታች ገልብጣ ለጠፈችው። ክምሩ በዓይናችን ፊት ሰጠመ።

«ኧረ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንዲመጣ ስለሚጠብቅ ነው ጉድጓዱ ጉብታ መስሎ የታየን። እኔ ይህን ከማብራሪያው ወረቀት አንብቤ ነው ያስረዳሁት። እሷ ግን ምንም ያነበበችው ነገር አልነበረም።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ኩይሳ አፈር ውስጥ ነው፣ ቲቸር። ይሄ አፈር ውጭ ነው። ተቆፈረ፣ ተጣለ። እኛ ጋ የወርቅ ጉድጓድ እንዲህ ነው።» ከዚያ ጣቷን በጉድጓዱ ግራ በኩል፣ ጥላው በተቆረሰበት ቦታ ላይ አደረገች። «እዚህ ጎን ወደቀ። ከላይ መጣ፣ ታች ተኛ።»

በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ወርቅ ፍለጋ ይቆፍራል፤ ሴቶቹ አፈሩን ተሸክመው ወደ ወንዝ ወርደው በገበቴ ያጥቡታል። ስለዚህ ነገሯ አልደነቀኝም። ማብራሪያውን ሳየው «ምዕራባዊው ግድግዳ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከምሯል» ይላል። ደስ አለኝ።

«ጎበዝ! ‹ጎኑ ተደረመሰ› ነው የሚባለው» አልኳትና «ተደረመሰ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ወደ ዴስኳ ተመልሳ ደብተሯ መጨረሻ ላይ ገለበጠችው።

ስም ምርጫው ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የሰፋሪዎቹ ልጆች አንድ ረጅም ስም አቀረቡ። «ይኼ ስም ጨረቃ ሳይደርስ መንገድ ላይ ትራንስፖርት ያልቅበታል» ብለው የበርታዎቹ ልጆች ሳቁባቸው። እነሱም በተራቸው ያቀረቡትን ስም ሌሎቹ አውቀው እየሰበሩ ጠሩት። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል ልጅቷ እጇን አውጥታ ያንን ስም ተናገረች። «የኔም አክስት ስሟ ነው» አለ የሰፋሪ ልጅ። «የኛም ጎረቤት» አለች ሌላዋ። እጅ ሲወጣ ከሁለቱም ወገን ወጣ።

ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ቅጹን ለእንግዶቹ የሚያደርሰው ሰው በር ላይ ቆሟል። ልጅቷን ወደ ጠረጴዛዬ ጠራኋት፤ ሌሎቹ ደብተር እየሰበሰቡ፣ አግዳሚ እየጎተቱ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ከመጻፌ በፊት ደንቡን ለማክበር ብዬ ጠየቅኋት።

«በዚህ ስም የምታውቂው ሰው አለ? ቤታችሁ፣ ቤተሰብ ውስጥ?»

እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ፎቶውን አየችው።

«የለም» አለች። «አሁን የለም።»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። ደወሉ ተደወለ።

በሚያዝያ መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ልጅቷ ሳምንት ሙሉ ቀረች። ብሔራዊ ፈተና እየደረሰ ስለሆነ አሳሰበኝና ቅዳሜ ዕለት አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ተኝታ ነበር። አባቷ ደጅ ላይ መቀመጫ አውጥቶ ቀይ የከርከዴ ሻይ በብርጭቆ ሰጠኝ። የሚጠራኝ በዐረብኛው «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ እያለ ነው።

«ወባ አይደለም፣ ኡስታዛ። ዝናብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይቺ ልጅ ይታመማል። እናቱ በዝናብ ሞተ።»

ከዚያ የሚስቱን ስም ጠራና «አላህ ይርሐማ» ብሎ ምሕረት ለመነላት።

ያ ስም ነበር።

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። «እንዴት ነው የሞቱት?» አልኩ፤ መልሱን ግን አውቄዋለሁ።

«ወርቅ ጉድጓድ። ጎን ወደቀ። እሷ ታች ነበረ።»

ልጅቷ ከሰሌዳው ፊት ቆማ የተናገረችው ያንኑ ነበር፤ ቃሉን ሳስተምራት ነገሩን ከእኔ በላይ እንደምታውቀው አልጠረጠርኩም።

ወደ መንገዱ ስወጣ በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅቷ ዋሽታኛለች። ጠይቄያት የለም ብላኛለች። አልተቆጣሁባትም። እናቷን የወሰደባትን ጉድጓድ ሰማይ ላይ ስታገኘው ስሟን ልትጽፍበት ፈለገች፤ ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ፊርማው የእኔ ነው። አስተባባሪዋ ስሕተት ካለ እስከ ግንቦት መጨረሻ ማስተካከል ይቻላል ብላ ነበር። ስልኬን ስንት ጊዜ አንሥቼ እንዳስቀመጥኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ብጽፍ «ተማሪዬ ዋሽታኛለች» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ስሙ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር። እኔ ልጅ አልወለድኩም። በዕድሜዬ ስም ያወጣሁለት ነገር የለም፤ የቆጠርኳቸው ስሞች ሁሉ የሌላ ሰው ልጆች ስሞች ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከመዝገብ ላይ ሳነባቸው «አቤት» የሚሉኝ። ግንቦት አለቀ። ዝም አልኩ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሞተ ሰው በክርስትና ስሙ በጸሎት ይጠራል። እኔም ሁለት ስም አለኝ፤ በአንዱ መምህራኑ ይጠሩኛል፣ ሌላውን አንድ ቀን ካህን ይጠራልኛል። የዚህችን ሴት ስም ለካህን መስጠት አልችልም፤ ሙስሊም ነበረች። ቤቴ ውስጥ ለብቻዬ ስጸልይ ግን ስሟን መጥራት ጀመርኩ። ይገባ አይገባ አላውቅም። መተው አልቻልኩም።

ወደዚያ ማክሰኞ ልመለስ።

ረቡዕ ጠዋት ምክትል ርእሰ መምህሩ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። ባነር ሊያሠራ አስቧል።

«እህቴ፣ ቪዲዮውስ?»

«ልጅቷ አሁን አሶሳ ኮሌጅ ናት። ነገ እሄዳለሁ።»

«ቶሎ ይሁን። ደግሞ አታስረዝሚው። ‹የአካባቢያችን የጋራ ስም ስለሆነ መረጥኩት› ትበል፣ አለቀ። ውሸት አለው?»

«የለውም» አልኩ። የለውምም። በውስጡ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ያ ነው።

ሐሙስ አሶሳ ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው። የነቢያት ጾም ነበር፤ ከቅዳሴ በፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጨረቃው ስናገር መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋቡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ስትጽፊው ስሕተት ነበረ፤ አላወቅሽም» አሉ። «ካወቅሽ በኋላ ስትተዪውስ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁት።

«ልጄ፣ የጨረቃውን ደንብ አላውቀውም። እሱን የሚያውቁት ይወቁት። ዛሬ ከሰዓት ግን ልጅቷን ምን በይ ልትያት ነው?»

«ምንም አልላትም፣ አባ። ራሷ ትናገራለች።»

«ራሷ ትዋሽልኝ ማለትሽ ነው?»

ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ያልኩት ያንን ነበር።

ከሰዓት በኋላ በኮሌጁ ግቢ ማንጎ ሥር ቆመን ስልኩን አስተካከልኩ። ልጅቷ ተለውጣለች። ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ አማርኛዋ ተቃንቷል፣ ከልዩ ልዩ አገር ከመጡ ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ስለምታድር ይሆናል። ምን እንደምትል አልነገርኳትም። ጀምሪ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

«እኛ የተሰጠን ጉድጓድ ትንሽ ነው» አለች። «እንደ ሳህን ነው። አፈሩ ወደ ውጭ ተረጭቷል። በአንድ በኩል ጎኑ ተደርምሷል። እናቴም...»

አጠፋሁት።

«ቲቸር፣ ለምን አጠፋሽው?»

«እናትሽ መሆኗን ለምን ደበቅሽኝ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ልጆች ዞር ብለው አዩን።

«መቼ ደበቅኩሽ?» ግራ ገባት። «ነግሬሻለሁ።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ቅጹን ስትሞዪ። በዚህ ስም ሰው አለ ወይ አልሽኝ። የለችም፣ አሁን የለችም አልኩሽ።»

በእኛ አማርኛ ስለሞተ ሰው ለስላሳው አነጋገር ይኸው ነው፦ የለችም። ልጅቷ ደግሞ ያን ጊዜ ጨረቃን «ወጣ» የምትል ልጅ ነበረች። ስለ አንዲት ሴት «የለም» ስትል እኔ «ማንም የለም» ብላኛለች ብዬ ጻፍኩ። «አሁን» የምትለውን ቃል ደግሞ ጨርሶ ዘለልኳት።

«‹የለም› ነው ያልሽው» አልኳት ቶሎ ብዬ።

አሰበች። «‹የለም› ብዬ ይሆናል። ያን ጊዜ ‹ች› ቶሎ አይመጣልኝም ነበር። ወይም ‹የለችም› ብዬ ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ አስተምረሽኛል።» ከዚያ በመገረም እንጂ በወቀሳ ባልሆነ ድምፅ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ አንቺ ሁልጊዜ ታርሚኝ ነበር። ያን ቀን ለምን አላረምሽኝም?»

ሰባት ወር ሙሉ ያልዋሸችኝን ልጅ ዋሽታኛለች ብዬ በልቤ ተሸክሜያት ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ደንቡን አስረዳኋት፤ እውነቱን ብጽፍ ስሙ ሊሰረዝ እንደሚችልም።

ግንዱን ተደግፋ ቆመች። «ከሰረዙት ምን ብለው ይጠሩታል?»

«ስም እስኪወጣለት በቁጥር።»

ልመናዋን ጠብቄ ነበር፤ ብትለምነኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

«አባቴን ልጠይቀው» አለች በመጨረሻ። «የእኔ ብቻ አይደለችም።»

ዓርብ ጠዋት አባቷ ራሱ ትምህርት ቤት መጣ። ከቢሮው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ፣ ንጹሕ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ በመስኮት ያየናል፤ ቪዲዮው ያልተላከበት ምክንያት ሊገባው አልቻለም።

«ኡስታዛ፣ እዛ ሰው ይሄዳል?» አለኝ።

«ጨረቃ ላይ ጥቂት ሰዎች ሄደዋል። እዚያ ጉድጓድ ጋ ግን ማንም አልደረሰም።»

«ወርቅ አለ?»

«እኔ እስከማውቀው የለም።»

«ማንም አይቆፍርም?»

«ማንም አይቆፍርም።»

ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ካልቆፈሩ ስሙ ይቆይ፣ ደስ ይለኛል።» ተነሣና ጀለቢያውን አራገፈ። «ግን እውነቱን ጻፍ፣ ኡስታዛ። እሷ ውሸት አይወድም ነበር።»

አላረምኩትም።

በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት ለአስተባባሪዋ ጻፍኩ። ቪዲዮ አልላክሁም። የጠየቅሁትን ጥያቄ፣ የሰማሁትን መልስ፣ ሚያዝያ ላይ ያወቅሁትንና ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴን በቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። ለምክትል ርእሰ መምህሩም ነገርኩት። ፊቱን አጥቁሮ «በገዛ እጅሽ!» ብሎኝ ወጣ፤ እስከ ገና ድረስ ሰላምታው የግድ ነበር።

መልሱ በአሥረኛው ቀን መጣ። አስተባባሪዋ አልተቆጣችም። ጉዳዩን ለሚመለከታቸው አቅርባለች፤ እስኪወስኑ ስሙ ካርታው ላይ ይቆያል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ስሙ ሲመረጥና ቅጹ ሲሞላ እንደ ጋራ ስም ታስቦ ነው ወይስ የሟች መታሰቢያ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ ነበር? የእኔ ቃል አይበቃም። የልጅቷም አይበቃም። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት የሰሙትን ይጻፉ ብለዋል።

ስለዚህ ነገሩ አንዲት ፊደል ላይ ወድቋል። «የለም» ብላ ከሆነ የተሳሳተው አረዳዴ ነው፤ ክፍሉ የመረጠው እንደ ተራ ስም ነው፤ ምናልባት ይጸናል። «የለችም» ብላ ከሆነ ግን ነግራኛለች፤ እኔ እየሰማሁ የተነገረኝን ተቃራኒ ጽፌያለሁ፤ ስሙም ይሰረዝባታል።

የትኛውን እንደሰማሁ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን አይደለሁም። ለጸሎት ስቆም፣ ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት፣ የልጅቷ ድምፅ ከአግዳሚዎቹ ጩኸት መካከል ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን «ች» አለው። ደወሉ ሊደወል ነበር፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ስሙንም ወድጄው ነበር። ሰው የማይፈልገውን ፊደል ላለመስማት ይችላል? ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ «ይችላል» እለው ነበር።

እናንተ በዚያን ቀን በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ አሁን ተበታትናችኋል። አንዳችሁ ቶንጎ እንዳለህ ሰምቻለሁ፤ አንዷችሁ ጾሬ ካምፕ ውስጥ የስደተኛ ልጆች ታስተምሪያለሽ፤ የቀራችሁም ባምባሲ፣ ወሎ ዘመድ ጋ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ናችሁ። ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ደብተር ስትሰበስቡ የነበራችሁት፣ ሰሌዳውን ስታጠፋ የነበርክ፣ «ኩይሳ ነው» ያልክም ብትሆን፣ የመጀመሪያው ዴስክ ላይ የነበራችሁት ሁለት ሴቶች በተለይ፣ እኔ ስጠይቃት እሷ ምን ብላ እንደመለሰች የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቃሉን እንደወጣ ጻፉት፤ አማርኛዋን አታቃኑላት። እኔን ለማዳን ብላችሁ «ች» አትቀንሱ። እኔን ለመቅጣትም ብላችሁ አትጨምሩ። ለእናቷ ስትሉ ደግሞ እንዲሁ። ካልሰማችሁም «አልሰማሁም» በሉ፤ እሱም መልስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እንደ ፈተና ቀን፣ እርስ በርስ ሳትነጋገሩ ጻፉ።